ሞል ኦቭ አሜሪካ በጾም ቀን፦ የሦስተኛው ፎቅ ምሳ

ሚኒሶታ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ሳያየው የማይመለስ ቦታ ቢኖር በብሉሚንግተን ከተማ የሚገኘው ሞል ኦቭ አሜሪካ ነው። ስለ ሱቆቹ ሁሉም ያወራል፤ እዚያ ምን እንደሚበላ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጡትን አክስቴን ይዤ የሄድኩት ረቡዕ ቀን ስለነበር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለውን የምግብ አዳራሽ ያየሁት በጾመኛ ዓይን ነው። ሥጋ የሚፈልግ ሌላ ገምጋሚ ይፈልግ።

አዳራሹ ዙሪያውን በምግብ መሸጫዎች የታጠረ ሲሆን ጠረጴዛው የጋራ ነው። እያንዳንዱ ሰው ካሻው መሸጫ ገዝቶ አንድ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ይህ ለቤተሰብ ይመቻል፤ ልጆቹ ዶሮ ሲበሉ ጾመኛው ብቻውን ሌላ ምግብ ቤት ፍለጋ አይንከራተትም። ጫጫታው ግን ከባድ ነው። ከመስታወቱ ጣሪያ በታች ከተንጣለለው የልጆች መጫወቻ የሚመጣው የጩኸት ማዕበል እስከ ሳህናችሁ ድረስ ይደርሳል።

መጀመሪያ የሞከርነው በጋለ ብረት ላይ ፓስታ መሰል ኑድል ከአትክልት ጋር የሚያገላብጥ መሸጫ ነበር። «ሥጋ የለበትም?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «የለበትም» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ሥጋ አልነበረበትም። ነገር ግን ሠራተኛው ካሮቱንና ጎመኑን የጠበሰው ዶሮ ባነሳበት ብረት ላይ፣ ዶሮ ባገላበጠበት መጥበሻ ማንሻ ነው። አክስቴ ሳህኑን በጣታቸው ወደ እኔ ገፉና «ልጄ፣ ዶሮው ባይኖርም ወጡ አለ» አሉኝ። እኔ በላሁት። ጨው የበዛበት፣ ዘይት የተንጠባጠበበት፣ ካሮቱ ገና ጥሬ የሆነ ምግብ ነበር፤ ስለዚህ ባይጾሙም አልመክርም።

ያዳነን ሩዝና አደንጓሬ የሚሸጠው ነው። የዚህ መሸጫ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ ነገር ፊት ለፊታችሁ ከየዕቃው እየተጨለፈ መግባቱ ነው፤ ምን እንደገባ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ይታያል። ሎሚና የድንብላል ቅጠል የገባበት ሩዝ፣ ጥቁር አደንጓሬ፣ በቆሎ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የተከተፈ ቲማቲም፣ ከላይ የተፈጨ አቮካዶ። አይቡንና እርጎ መሰሉን ነጭ ክሬም እንዳይጨምሩ አስቀድሞ መናገር ያሻል፤ እጃቸው ለምዶት ሳያስቡት ይደፉበታል። አደንጓሬው በደንብ የበሰለ፣ ሳይፈርስ የለሰለሰ ነበር። «የሚያቃጥል» ተብሎ የቀረበው ስልስ ግን ምላስ አያውቀውም፤ አክስቴ ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ነገሩን አስተካከሉት። አንዱ ሳህን ለሁለት ሰው ይበቃል።

ዋጋው ከአቮካዶው ጋር ወደ 15 ዶላር ተጠጋ። እንግዶች ልብ በሉ፦ ሚኒሶታ ውስጥ ልብስ ከሽያጭ ታክስ ነጻ ነው፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ግን አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያያችሁት ዋጋ ስትከፍሉ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የክፍያው ስክሪን ወደ እናንተ ዞሮ ጉርሻ ይጠይቃል፤ ምግባችሁን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ለምትሄዱበት መሸጫ ይህ ትንሽ ድፍረት ይመስለኛል።

የተጠበሰ ድንች ለሚያስብ ደግሞ፣ ዘይቱ ከዶሮው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ስለ ቡናው ብዙ አልልም። ያረረ፣ በትልቅ የወረቀት ኩባያ የተሞላ ነገር ነው፤ አክስቴ ሁለቴ ፉት ብለው አስቀመጡት።

ከምሳ በኋላ ምግቡን የሚያንሸራሽር እርምጃ እዚያው አለ። ሞሉ በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቤዝቦልና የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም በነበረበት ቦታ ላይ ነው። መጫወቻው ውስጥ ወለሉ ላይ የድሮውን የመምቻ ቦታ የሚያመለክት ሰሌዳ ተቀብሯል፤ ከዚያ ቀና ብላችሁ ራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ብትፈልጉ የተሰቀለ ቀይ ወንበር ታገኛላችሁ። ሃርመን ኪልብሩ የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች በ1967 እ.ኤ.አ. የመታት ኳስ ያረፈችበትን ቦታ፣ 520 ጫማ ማለትም 158 ሜትር ያህል ርቀትን ያሳያል። ቤዝቦል የማያውቁት አክስቴ እንኳ ርቀቱን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። በክረምት ለሚመጣ ደግሞ፣ የጋራ መተላለፊያዎቹ ማሞቂያ ሳይኖራቸው ከጣሪያው በሚገባው ፀሐይ፣ በመብራቱና በሰዉ ገላ ሙቀት ብቻ ይሞቃሉ፤ ካፖርቱን መኪና ውስጥ መተው ይሻላል። መኪና ማቆሚያው በነጻ ነው።

ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል ግን ለእንግዳ ግፍ ነው። ለሞሉ ቅርብ የሆነው የሚኒሶታ ሸለቆ የዱር እንስሳት መጠለያ የጎብኚዎች ማዕከል ያለው ሲሆን፣ ወደ ወንዙ የሚወርዱ የእግር መንገዶችም አሉት። ከሞሉ የሚነሳው ሰማያዊ መስመር ባቡር ደግሞ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚኔሃሃ ፓርክ አጠገብ ያቆማል። ፏፏቴው 16 ሜትር ያህል ነው፤ ጢስ ዓባይን ያየ ሰው አይደነቅ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ግን እንደቆመ በረዶ ሆኖ ይቀራል፣ ይህን ጢስ ዓባይ አያሳይም። በፓርኩ ውስጥ በሞቃቱ ወራት የሚከፈት የዓሣ ምግብ ቤት አለ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የየቤታችሁ ነው፤ በብርዱ ወራት ግን ዝግ ስለሚሆን፣ በልታችሁ ወይም ቋጥራችሁ ሂዱ።