ስምንት ወር በአዲስ ቸርኬ፦ ፊያት 124 ስፖርት በሐረጎ ቁልቁለት

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። በፈረንጅ የ1972 ሞዴል ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ደሴ ውስጥ እሷን የማያውቅ ጎሚስታ ያለ አይመስለኝም። አራቱም የብረት ቸርኬዎቿ በየተራ እነሱ ጋ ሄደው በመዶሻ ተቃንተዋል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ብረት ነው። ጠርዙ ስለዛገ ነፋስ ይተፋል። ማታ የነፋችሁትን ጎማ ጠዋት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከመነዳሪ ከትቼ ሁለት ዓመት ገፋሁ፤ ከዚያ በቃኝ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ጅልነት ልናገር። እኛ አገር በቀላሉ የሚገኘው አልሙኒየም ቸርኬ አብዛኛው የቶዮታ ልክ ነው። ኮሮላ አራት ቀዳዳ አላት፣ የእኔም አራት። አንድ ጋራዥ «አብሽር፣ ይገጥማል» አሉኝ። የመሃሉ ቀዳዳ ጠበበ፤ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ሰፋ። ቡሎኑም ገባ። ገጠመ ተባለ።

አልገጠመም። አራቱ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ በኮሮላ 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ በፊያት ደግሞ 98። ሁለት ሚሊ ብቻ! ግን እያንዳንዱ ቡሎን ከቦታው አንድ ሚሊ ይስታል ማለት ነው። ሾጣጣው አንገቱ ቀዳዳው ላይ ሞልቶ አይቀመጥም፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ይነክሳል። ስታጠብቁት ጥብቅ ያለ ይመስላል። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳር ይዤ ስፈትሽ የፊት ግራው ሁለት ቡሎን በጣቴ ዞረ። ሐረጎን የወረደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በዚያው ቀን የብረቶቹን መለስኩ።

ትክክለኛዎቹ ከጣልያን መጡ። የአክስቴ ልጅ ሚላን ይኖራል። በሁለት ምልልስ ሁለት ሁለቱን በሻንጣ አመጣልኝ። 13 ኢንች፣ ስፋታቸው አምስት ተኩል፣ ቀዳዳቸው 98። መልካቸው ያኔ ለፊያት ቸርኬ ይሠራ የነበረውን ክሮሞዶራን ይመስላል፣ ሥራቸው ግን አዲስ ነው። ዋጋውን በዩሮ የከፈለው እሱ ነው። እኔ በማርና በበርበሬ እየከፈልኩ ነው፣ ገና አልጨረስኩም።

እህል ነጋዴ ጎረቤቴ ሚዛን ላይ ከብረቱ ጋር አስተያየኋቸው። አልሙኒየሙ በኪሎ ተኩል ገደማ ይቀላል። ኮብልስቶን ላይ መሪው ለሰለሰ፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ስወጣም መኪናዋ ነቃ አለች። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ለውጥ የመጣው ከክብደቱ አይመስለኝም። ክብ የሆነ ቸርኬ ስላገኘች ነው። በመዶሻ የተቃና ብረት ለምዶብኝ ኖሮ፣ መኪና እንዲህ ዝም ብሎ እንደሚሄድ ረስቼው ነበር።

«ፍሬንህም ይቀዘቅዛል» የሚሉኝ አሉ። አራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን ነው፣ ጥሩ ይይዛል። ቢሆንም ሐረጎን ዛሬም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው።

ጎማው ሌላ ጣጣ ነው። የፋብሪካዋ ልክ 165 በ13 ነው፣ ባለ ረጅም ጉንጭ። እሱን ፈልጌ ሰለቸኝና በቀላሉ የሚገኘውን 175/70 አሰርኩ። ቁመቱ በጥቂቱ ያንሳል። ስለዚህ የፍጥነት ቆጣሪው 60 ሲል በእውነቱ 58 ግድም ነኝ። ለትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፣ ለጉራ መጥፎ።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ፊያት በዳዶ አይታሰርም፤ ቡሎኑ በቀጥታ ይገባል። አልሙኒየሙ ከብረቱ ወፍራም ስለሆነ ረዘም ያሉ 16 ቡሎኖች አብረው መጥተዋል። ደስ ብሎኝ የድሮዎቹን አጫጭሮች ቤት ጣልኳቸው። በሦስተኛው ወር ወደ ወልድያ ስሄድ ውጫሌ ላይ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው የብረት ነው። የጎሚስታው ልጅ በረጅሙ ቡሎን አሰረልኝ፣ ጎማውን በእጁ ሲገፋው ግጭ ግጭ አለ። የቡሎኑ ጫፍ በቀጭኑ ብረት አልፎ ከኋላ ወጥቷል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሄድም» አለኝ። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጣልያንኛውና አማርኛው ሳይገጥም ቀረ፤ ይኸው እዚያው ቀበሌ የጣልያን ቡሎንና የጣልያን ቸርኬ ሳይገጥሙልኝ አመሹ። ወንድሜ አጫጭሮቹን ከደሴ በሚኒባስ እስኪልክልኝ ሦስት ሰዓት ሻይ ጠጣሁ። አሁን አራቱ በጨርቅ ተጠቅልለው ከክሪኩ ጋር ነው የሚተኙት።

ቀለሙ አላረካኝም። ከክረምቱ በኋላ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ መላጥ ጀመረ። ግማሹ ጥፋት የጎሚስታዎቹ የአየር መፍቻ ነው፣ ግማሹ የሠሪው። ባላንስ ሲሠራም ተለጣፊውን የእርሳስ ክብደት ጠይቁ። በመዶሻ የሚመታው ጠርዙን ይፍቃል፤ እኔ ይህንን ያወቅኩት አንዱ ከተፋቀ በኋላ ነው። አዲስ ካሳሰራችሁም ከመቶ ኪሎ ሜትር በፊት ቡሎኑን ደግማችሁ አጥብቁ። የእኔ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ላላ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ንቅንቅ አላለም።

የምፈራው ጉድጓድ ነው። ብረት ይጣመማል፣ ጎሚስታው መትቶ ይመልሰዋል። አልሙኒየም ግን ይሰነጠቃል። እስካሁን አልተሰነጠቀም፣ ግን ከውጫሌ ወዲያ በጥርጣሬ ነው የምነዳው።

እናቴ የብረቶቹን ለምን አልሸጥህም ትለኛለች። የአባቴ ናቸው፣ አልሸጥም። አዲሶቹን ድጋሚ ብገዛስ? እገዛለሁ፣ ግን አምስት። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል። በርበሬው ተቀምሟል።