እማዬን ከቤቷ ያላስወጣት የሶላር ፍሪጅ

ቤታችን አንድ ዓመት ሙሉ የተከራከረው በአንድ ጉዳይ ነው። እማዬ ከተማ ትግባ ወይስ ገጠር ትቆይ? ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያለችበት ቦታ መብራት የለም። ወንድሜ "ትምጣና እንገላገል" ይላል። መጥታም ነበር። ሦስት ወር እኔ ጋ ተቀመጠች። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጉልበቷን ጨረሰው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ ትላለች። "እዚህ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ ከማን ጋር ላውራ?" አለችኝ አንድ ቀን። መልስ አልነበረኝም።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የከተማና የገጠሩ ክርክር ዞሮ ዞሮ ፍሪጅ ላይ አረፈ። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ኮምፕረሰር ያለው የሶላር ፍሪጅ ገዛሁ። 200 ዋት ፓኔልና ባትሪም አብሬ ወሰድኩ። ይኸው ስምንት ወሩ።

ፍሪጁ ጎበዝ ነው። በቀጥታ ከባትሪው ስለሚሠራ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ) አይፈልግም። ድምፁ እንቅልፍ አይነሳም። በመለኪያ ስከታተለው ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ካልተከፈተ በቀን 400 ዋት-ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል።

የመጀመሪያው ሌሊት ግን ጉድ ሠራኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ነበር። እኔ አላየሁትም፤ መመሪያው ላይም የተጻፈው በደቃቅ ፊደል ነው። ጠዋት አንዱን ብልቃጥ አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ውስጡ ነጭ በረዶ ሆኗል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም፤ መጣል ነው። አራት ብልቃጥ ጣልኩ። እማዬ ቆማ ታያለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን 5 ላይ ነው። ብልቃጦቹ በጨርቅ ተጠቅልለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ቀዝቃዛውን ግድግዳ አይነኩም። ከፍሪጁ የተለየ ቴርሞሜትርም ጎናቸው አለ። ይህን ሳታሟሉ መድኃኒት አታስገቡ። የፍሪጁ ስክሪን 5 ሲል ቴርሞሜትሩ 3 የሚልበት ጊዜ አለና።

ሁለተኛው ጣጣ ባትሪው ነው። ሻጩ "ይበቃዋል" ብሎ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ሰጠኝ። በ12 ቮልት ሲባዛ ወረቀቱ ላይ 1200 ዋት-ሰዓት ነው። ግን የዚህ ዓይነት ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በእጄ ያለው 600 ብቻ ነው። ፀሐይ ከጠፋች ፍሪጁን አንድ ቀን ተኩል ቢይዝ ነው፤ አምፖልና ስልክ ሲጨመር ደግሞ ያንሳል። ደመና ሦስት ቀን ሲሰነብት አለቀ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሚባል ሌላ ዓይነት ባትሪ ቀየርኩት። እሱ 80 ከመቶውን ያለ ሐሳብ ይሰጣል፤ ፍሪጁን ብቻውን ከሁለት ቀን በላይ ያቆየዋል። ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ ነገር ብቻ ከበቃ ባትሪው ላይ አውሉት።

ፓኔሉ ብዙ አያስቸግርም። አቧራውን ማራገፍ ነው። እማዬ እንጨት ላይ እርጥብ ጨርቅ አስራ ማለዳ ማለዳ ትወለውለዋለች።

ፍሪጁ የማይፈታው ነገር አለ። ሐኪም ያለው በመኪና ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ነው። ስኳሯ ሌሊት ቢወርድስ? ይሄ ሐሳብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። የጎረቤት ልጅ የስኳር መለኪያውን እንድታነብ፣ ስኳር ሲወርድ ጣፋጭ ነገር ቶሎ እንድትሰጣት አስተምሬያለሁ። አጠገባቸው እንዲህ ያለ ሰው ለሌላቸው ወላጆች ፍሪጁን ብቻ ገዝቶ መተው አይሆንም። ሰው ካላቸው ግን ግዙላቸው።

እማዬ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። ሰላምታው ሳያልቅ "ዛሬም አራት ነው" ትለኛለች፣ ቴርሞሜትሩን በእጇ ይዛ።