ለቁራሌው ልንሰጠው ስንል ምንነቱን የነገሩን የአዳማው መካኒክ

ሰላም የአዳማ ሰዎች። ምስጋና አለብኝ፤ ጓሮው ውስጥ ስሙ የማይታወቅ የእርሻ ብረት ያለው ሰው ደግሞ ይጠቀምበታል።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርሲ ከአንድ የመንግሥት እርሻ ጨረታ ገዝቶ ያመጣው ብረት ጓሯችንን ዘግቶ ኖሯል። ረጅም ሳጥን፣ ከሥሩ የተንጠለጠሉ ቱቦዎች፣ ዳርና ዳር ሁለት ጎማ። ለእኛ የዶሮ ቤት ነበር። ወንድሜ ከቁራሌው ጋር በኪሎ ተስማምቶ ጨርሷል። እኔ ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ የአባቴን ዕቃ ማስጫን ከበደኝ። አንድ «አውቃለሁ» ባይ መጥቶ «ከወንጂ የወጣ የሸንኮራ ማሽን ነው» ብሎ የትራንስፖርቱን ተቀብሎን ሄደ። ጎኑ ላይ የእንግሊዝኛ ሲ እና የ3 ቁጥር የሚመስል ነገር ስላየሁ ጎግል ብለው የሲትሮየን መኪና ደረደረልኝ።

ከዚያ ነው ጎረቤት ወደ እኚህ የትራክተር መካኒክ የመራችኝ። መጀመሪያ በቴሌግራም «ፎቶ ላኪልኝ ልጄ፤ ሙሉውን ከአራቱም ጎን፣ ቀጥሎ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ በቅርበት፣ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ አድርጊ» አሉኝ። መጠኑ እንዲታያቸው ነው። ፎቶውን አይተውም ስሙን አልነገሩኝም። «ሳላይ አልናገርም» ብለው በባጃጅ መጡ።

የብረት ብሩሽ፣ ናፍጣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጠመኔ። ዝገቱን ፈግፍገው ከፍ ያለውን ፊደል በጠመኔ አሹት፤ የስልካቸውን መብራት ከጎን ሲያበሩበት ጽሑፉ ጥላ ጥሎ ወጣ። እኔ ሲ ያልኩት የሩሲያ «ኤስ» ነው፤ 3 ያልኩት «ዜ»። ስያልካ ዜርኖቫያ፣ የእህል መዝሪያ ማለት ነው። ከፊደሎቹ ቀጥሎ 3.6 ይላል። «የእኔን ቃል ብቻ አትቀበዪ፣ ቁጠሪ» አሉኝ። የቱቦዎቹን መውጫ ቆጠርኩ፣ 24። በመስመርና በመስመር መካከል ሜትር ዘረጋን፣ 15 ሳንቲ ሜትር። አባዢው፦ 360 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 3.6 ሜትር። ስሙ ስፋቱ ነበር!

ሳጥኑ ለምን ለሁለት እንደተከፈለም አሳዩኝ፤ ከፊት ዘር፣ ከኋላ ማዳበሪያ። ከሥር ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጥቅልሎች አሉ። ጎማው ሲዞር እነሱም ይዞራሉ፣ ዘሩን እየቆነጠሩ ወደ ቱቦው ይጥላሉ። ጥቅልሉን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት ብዙ ጥርሱ ይገለጥና ዘሩ ይበዛል፤ መለስ ስታደርጉት ያንሳል። የዶሮ ኩሱን በጣታቸው እየጠረጉ ነው ይህን ሁሉ የሚያስረዱኝ። እንዲህ ያለው መዝሪያ በሶቪየት ጊዜ ዩክሬን ውስጥ ኪሮቮግራድ ከተማ «ቀይ ኮከብ» የሚባል ፋብሪካ ይሠራው እንደነበር ሲነግሩን እናቴ በደርግ ጊዜ የነበረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ትዝ ብሏት ደነገጠች።

500 ብር ተቀበሉን። ብጨምርላቸው መለሱልኝ። ጥቅልሎቹ ደህና ስለሆኑ ለቁራሌው እንዳንሰጥ መክረውን፣ ኢተያ መለዋወጫ ከሚፈልግ ገበሬ ጋርም አገናኝተውናል። ኮሚሽን የሚባል ነገር አላነሱም።

እንከናቸውን ካልነገርኳችሁ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፦ ጠዋት ካሉ ከሰዓት ጠብቋቸው። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉ ጮክ በሉ፣ ጋራዡ ውስጥ ብየዳ አይቋረጥም፤ ፎቶውን ደግሞ የክብሪት ቀፎ ሳታስቀምጡ እንዳትልኩ፣ ይመልሱባችኋል።