ከድሬ ወደ ባሕር፦ በጅቡቲ ወይስ በበርበራ?

ጓደኛዬ "አቦ፣ ዘንድሮስ ባሕር ሳላይ አልከርምም!" ብሎ ተነሣ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሁለቱን መንገድ መዘንን።

የጅቡቲው ያጥራል፤ በደወሌ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡርም አለ፤ ግን ባቡር ደስ ባለህ ቦታ አያወርድህም። ከተማው ኪስ ያራቁታል፣ አልጋውም ምግቡም። ነገሩ የሚጣፍጠው ከዚያ ወደ ታጁራ ሲኬድ ነው፦ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለው አሳል ሐይቅ ዳር ነጩ ጨው ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል።

የበርበራው፣ የሶማሌላንዱ ወደብ፣ ይረዝማል፤ ለእኔ ግን ሽርሽሩ እዚያው መንገዱ ላይ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጣ የድሬ ወበቅ ከኋላህ ይቀራል፤ መስኮት ከፍተህ ትተነፍሳለህ። ሐረር ቁርስ፣ ባቢሌ ትኩስ ለውዝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከዚያ የዳካታ ድንጋዮች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተንጠልጥሎ። ጅግጅጋንና ቶጎ ውጫሌን አልፈህ ሐርጌሳ ትገባለህ። ወደ በርበራ ስትወርድ የላስ ጌል ጥንታዊ የዋሻ ሥዕሎች አሉ፤ ቀንዳም ከብቶቹ ቀለማቸው አልደበዘዘም።

ሶማሌላንድ መኪና በቀኝ ይነዳል፤ የብዙዎቹ መሪ ግን እሱም በቀኝ ነው። እዚያ ተከራይተን ከነዳን፣ ከባድ መኪና ለመቅደም ፊት ለፊት የሚያየው በግራ የተቀመጠው ነው። "ሂድ!" ሲልህ የምታምነው ጓደኛ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በክረምት ሁለቱም ዳርቻ ይጠብሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ካለህ ጅቡቲ፣ ሳምንት ካለህ በርበራ። እኛ ሳምንት አለን። ጓደኛዬ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለውዙን ማን ይይዛል?