ለእግሬ የሚሆን ቡት ለሠሩልኝ ጋሼ፣ መንገዱን ላሳየኝ ሊስትሮም ጭምር

ሁለት ሰዎች ማመስገን አለብኝ። አንደኛው መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚሠሩ አባት ናቸው። ሁለተኛው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ያለ ልጁ አባትየውን አላገኛቸውም ነበር።

መምህርት ነኝ። በቀን አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ እውላለሁ። የግራ እግሬ አውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጥቷል። ጣቱ ራሱ ደግሞ ወደ ጎረቤቶቹ ተጋድሟል። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ እሷ ግን ነጠላ ጫማ አድርጋ ዕድሜዋን ጨረሰች። እኔ ቡት እወዳለሁ። ምን ላድርግ? ሐምሌ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ቡት አድርጋ የምትሄድ ሴት ሳይ ዓይኔ ተከትሏት ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ከአንድ ቡቲክ ጥቁር ቡት ገዛሁ። አፍንጫው ሹል፣ ታኮው ቀጭን ነው። ሲያዩት ያምራል። ስለካው ግራዬን ያዝ አደረገኝ። ሻጯ «ሲደረግ ይለቃል» አለችኝ። ይህቺን ቃል ስንቶቻችን ሰምተን ገንዘባችንን አወጣን! ሁለት ሳምንት አደረግሁት። ጫማው አልለቀቀም፤ የተላጠው የእኔ ቆዳ ነው። በፕላስተር ላይ ካልሲ፣ በካልሲው ላይ ሌላ ካልሲ ደራርቤ ስገባ ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ቀን ሊስትሮው እየጠረገልኝ ቀና አለና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሌዘር አይደለም። ቀለም አይጠጣም። እንዴት ብሎ ይለቅልዎታል?» አለኝ። አፈርኩ። ኬሚስትሪ የማስተምረው እኔ ነኝ! ቀጠለና ጫማው በግራ በኩል ብቻ እንዴት እንደተገፋ በጣቱ አሳየኝ። «ለእንደዚህ ዓይነት እግር ጫማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ» ብሎ አቅጣጫውን ነገረኝ።

ቦታው ከአንዋር መስጊድ ብዙ አይርቅም። የማስቲሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ አያነጋግርም። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ረፋድ ላይ ነው የሄድኩት። እግሬን ሳያዩ መጀመሪያ ያደረግሁትን ጫማ ተቀብለው ገለበጡትና ሶሉ የት የት እንዳለቀ አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ዛሬ አልለካሽም። ከሥራ ስትወጪ ነይ» አሉኝ። ጠዋት የተለካ እግር ማታ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ ቡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥመድ ይሆናል።

በማግሥቱ ማታ ተመለስኩ። ወረቀት ላይ አቁመው ሁለቱንም እግሬን በእርሳስ ዞሩት። ተቀምጠሽ አይሆንም አሉ፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ግራዬ ከቀኜ እንደሚበልጥ ያን ቀን አወቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ጫማ የሚመረጠው በትልቁ እግር ነው፤ ለትንሹ ንጣፍ ይጨመርለታል።

«ታዲያ በ38 ፋንታ 39 ብገዛ አይሻልም ነበር?» አልኳቸው። ሳቁ። በዚህ በምናውቀው የአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር ሲጨምር ጫማው የሚረዝመው የአንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ስፋቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። «ያንቺ ችግር ወርዱ ነው። ቁመት ብትጨምሪበት ተረከዝሽ ውስጡ ይዋኛል፣ አጥንትሽ ግን እዚያው ይታሻል» አሉኝ። ስንት ዓመት ቁጥር እያስጨመርኩ ስገዛ እንደኖርኩ ሳስበው ተናደድኩ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሳየው ነው ያመንኳቸው። ጫማ የሚወጠርበትን የግራውን ፎርማ አወጡ። ወረቀቱ ላይ አጥንቴ የወጣበትን ቦታ ለኩና ልክ እዚያ ላይ የቆዳ ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፉበት። በላዩ ሌላ ቁራጭ ደረቡ። ከዚያ ጠርዙን እያሻሹ አለዘቡት። ፎርማው የእኔን እግር መሰለ፤ እብጠቱ ሳይቀር። ቡቱ በዚያ ላይ ሲወጠር ለአጥንቴ ቤት ተሠራለት ማለት ነው። ይለቃል እያሉ መጠበቅ ቀረ።

በሞዴሉ ግን ተጨቃጨቅን። እኔ ሹል አፍንጫና ከፍ ያለ ታኮ ፈለግሁ። እሳቸው ታኮ በረዘመ ቁጥር ሰውነት ሁሉ ወደ ፊት ተንዶ ጣት ላይ ይወድቃል አሉ። በመጨረሻ ታኮው ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ግን ወፍራም እንዲሆን ተስማማን። አፍንጫውን ደግሞ አንድ ዘዴ ፈጠሩለት። ጣቶቼ እስከሚደርሱበት ድረስ ሰፊ ነው፤ ከዚያ አለፍ ብሎ ነው የሚጠበው። ከውጭ ሲያዩት ሹል ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጣቶቼ ተዘርግተው ተቀምጠዋል። ስፌቱም በአጥንቴ ላይ እንዳያልፍ ወደ ላይ አሸሹት። ገበሩ የበግ ሌጦ ነው። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ስስም ጠንካራም ስለሆነ ውጭ አገር ለጓንት ይፈለጋል፤ የእኔ እግር ውስጥ ሲገባ ምክንያቱ ገባኝ። ዚፑ በውስጥ በኩል ሆነ። እየጎተቱ ከሚያስገቡት ቡት ይልቅ ዚፕ ወይም ክር ያለው ይሻላል፣ እግር ሲያብጥ ላላ ማድረግ ይቻላልና።

እየለኩኝ ሳለ «ስኳር አለብሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የለብኝም። ለምን እንደሚጠይቁ ግን አስረዱኝ። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጫማው እየላጠውም «ምቹ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ደንበኛ ቃሉን ብቻ አያምኑም። ራሳቸው እጃቸውን ቡቱ ውስጥ ከተው ይዳስሳሉ፣ ሐኪም ያየው መሆኑንም ይጠይቃሉ። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ጫማ ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ እንዲዳስስ ንገሩት። ጠጠር እንኳ ሳይሰማው ሊውል ይችላል።

አሁን ደግሞ ሐቁን ልናገር። ጋሼ ቀጠሮ አያከብሩም። ቅዳሜ ያሉኝ ቡት የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሁለቴ ተመላልሻለሁ፣ አንዴም ተኮሳትሬ ወጥቻለሁ። ከወሰድኩት በኋላም የዚፑ ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ቧጨረኝ። መልሼ ብወስደው ያለ አንድ ሳንቲም ከስሩ ቆዳ ሰፉበት። ዋጋው ከቡቲኩ ቡት ያነሰ ነበር። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ።

ይኸው መስከረም ጀምሬ አደርገዋለሁ። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛ ሥር ጫማዬን ማውለቅ ትቻለሁ። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ከዱባይ ነው?» ብላኛለች።

ማሠራት ለማይመቻችሁና የተሠራ ለምትገዙ፣ ከጋሼ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። የቡቱን የውስጥ ንጣፍ አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ ከንጣፉ ጎን ከፈሰሰ ያ ቡት የእናንተ አይደለም፣ የቱንም ያህል ይመር። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ይኑር። ቡቱን በእጃችሁ እጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀል ወገቡ ላይ ከተቀለበሰ መልሱት። ሱቁ ምንጣፍ ካለው ደግሞ ከምንጣፉ ወርዳችሁ ተራመዱ።

ሊስትሮውን አልረሳሁትም። ጋሼ ቡቱ በውኃ እንዳይታጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠረግ አዘውኛል። ልጁ ሳሙናውን በጥብጦ ሲጠብቀኝ ይህን ስነግረው ተከፋ። በኋላ ግን ቀለሙን ሲቀባው ቆዳው ጠጣለት። «አሁን ጫማ ገዙ» አለኝ።

የጋሼን ስምና ስልክ አልለጥፍም፤ ራሳቸው አደራ ብለውኛል። ብቻቸውን ከአንድ ልጅ ጋር ነው የሚሠሩት፣ ሰው ሲበዛባቸው ይጨነቃሉ። የምር የተቸገራችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሱቁን አመላክታለሁ። ማታ ማታ ሂዱ። ስትሄዱ ደግሞ ንጹሕ ካልሲ አድርጉ፣ «ጫማሽን አውልቂ» የሚሉት ገና በር ላይ ነው። እኔ ያን ቀን ካልሲዬ ተቀዶ ነበር።