የፒካፔን ታይሚንግ ቤልት ግቢዬ መጥተው ለቀየሩልኝ መካኒክ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

አዳማ ያላችሁ የድሮ ዲዝል ቶዮታ ባለቤቶች፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴን በአደባባይ ላመስግናቸው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

መኪናዬ 3ኤል የሚባለው የቶዮታ ዲዝል ሞተር ያላት ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ከመልካሳ ሽንኩርት የማመጣው በሷ ነው፤ የቤታችን እንጀራ ናት። ስገዛት ታይሚንግ ቤልቷ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይሄ ቤልት ደግሞ እንደ ፍሬን ሸራ እየጮኸ አያስጠነቅቅም። ድንገት ይበጠሳል። ሲበጠስ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ይቆምና ፒስቶኑ የተከፈተ ቫልቭ ይመታል። ከዚያ በኋላ ወጪው የቤልት መሆኑ ይቀርና የቴስታታ፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሆናል። ለነዚህ ሞተሮች የሚመከረው በየ100,000 ኪሎሜትሩ መቀየር ነው። ዳሽቦርዳቸው ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት ያላቸውም አሉ። ግን ስንት እጅ ያለፈች መኪና ላይ መብራቱን ማን ያምናል?

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጋራዥ «እስኪበጠስ ንጃት» አለኝ። ሌላው ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም አለ። ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት፣ እሷንም እግዜር ይስጣት። በስልክ የሞተሩን ዓይነት ገና ስነግራቸው «ሞተር አይወርድም ልጄ። አንቺ ብቻ እንዳትነጃት፣ እኔው እመጣለሁ» አሉኝ። የእጃቸውን ዋጋ እዚያው ቆረጡ። ሥራው ሲያልቅም አምስት ሳንቲም አልጨመሩም።

የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ግቢውን ውሃ አስረጩኝ፣ በንፋሱ በኩል አንሶላ አሰቀሉኝ። አሸዋ ከገባ አዲሱንም ቤልት ይበላዋል ብለው ነው። ባትሪውን ነቀሉ፣ ራዲያተሩን ፈቱ፣ ውሃውን በንጹህ ባልዲ ተቀበሉ። የኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ በመዶሻ ሲደበድቡ ያየኋቸው መካኒኮች አሉ። ጋሼ በመንቀያ ቀስ እያሉ ሳቡት።

ክዳኑ ሲከፈት «ነይ እዪው» ብለው ጠሩኝ። ቤልቱ ጠርዙ ተበልቷል። ከታች በኩል በዘይት ርሷል፤ የኮሎው ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ ያፈስ ነበር። «ሲሉን ሳልቀይር አዲስ ቤልት ባስርልሽ ገንዘብሽን ዘይት ውስጥ መጣል ነው» አሉኝ። ቤልቱን የሚወጥረውን የቴንሽነሩንም ኩሽኔታ ጆሮዬ አጠገብ አድርገው በጣታቸው አዞሩት። ይንኮሻኮሻል። አሮጌውን ቤልት ይዘን መለዋወጫ ሱቅ አብረን ሄድን፣ ጥርሱን ቆጥረው ስፋቱን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ካርቶን አይተው አይገዙም።

ከሁሉም ያስደነቀኝ አወጣጠሩ ነው። ቤልቱ ኮሎውን፣ ካምሻፍቱንና የናፍጣ ፖምፓውን አንድ ላይ ያያይዛል። ሦስቱም ላይ ምልክት አለ። አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ ያጨሳል፣ ጠዋት መነሳትም እምቢ ይላል። ጋሼ ምልክቶቹን በጨርቅ ጠርገው በነጭ ቀለም ነካ ነካ አደረጓቸው። ቤልቱን ካለበሱ በኋላ ቴንሽነሩን በካቻቢቴ ገፍተው አላሰሩትም። «የሚወጥረው ሞላው ነው፣ እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ብሎኖቹን አላልተው ለሞላው ለቀቁለት። ከዚያ ኮሎውን በረጅም ቁልፍ፣ በእጃቸው፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት። ኮሎው ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ስለሆነ የሚዞረው፣ ምልክቶቹ ተመልሰው የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ሦስቱም ገጠሙ። ብሎኖቹን ያጠበቁት ያኔ ነው። አሁንም አልረኩም፤ ደግመው አዞሩ፣ ደግመው አዩ። የሚነካካ ነገር ካለ በእጅ ሲዞር ይታወቃል፣ በማስነሻው በሞተሪኖ ግን ቫልቭ አጣሞ ነው የሚያሳውቀው አሉኝ። እኔንም ቤልቱን በአውራ ጣቴ አስጫኑኝ። ከመጠን በላይ ከጠበቀ እያፏጨ ኩሽኔታ ይጨርሳል፣ ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ ይህን ሁሉ ሳይሰለቹ አስረዱኝ። ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች ብሎ የሸፋፈነ ብዙ ሰው ገጥሞኛል። ጋሼ እያንዳንዷን ነገር አሳይተውኛል።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አሮጌውን ቤልት፣ ቴንሽነሩንና ሲሉን ቆጥረው አስረከቡኝ። ክዳኑ ላይ ኪሎሜትሩንና ቀኑን በዚያው ነጭ ቀለም ጻፉልኝ። መኪናዋን ነገ ሌላ ሰው ቢገዛት እንኳ እንደኔ አይጨነቅም።

ጋሼ የድሮ ዲዝል ላይ ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተር ለሚፈልጉ አዳዲስ መኪኖች ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል፤ ራሳቸውም ይሄን በግልጽ ይናገራሉ። ወንጂ ድረስም ይሄዳሉ። ስልካቸውን በኢንቦክስ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። በጠዋት ደውሉላቸው። እጃቸው ዘይት ከነካ በኋላ ስልክ አያነሱም።