ሰርቨራችንን ለታደገችልን ባለሙያ የምስጋና ቃል

ይህ ምስጋና ለአንዲት ወጣት የሊኑክስ (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሲስተም) ባለሙያ ነው። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች። ስልኳን ግን ለሚፈልግ ሰው እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጀሞ አካባቢ ትንሽ ክሊኒክ አለችን። የታካሚው ካርድ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ፣ ሂሳቡ፣ ሁሉም ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ እየሮጠች መጣች። ሲስተሙ አልከፍትም ብሏል። ሰኞ ደግሞ የእርግዝና ክትትል ቀናችን ነው። ወንበሩ ሞልቶ እናቶች ኮሪደር ላይ ቆመዋል።

ሲስተሙን የሚከታተለው ልጃችን ሲያየው ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል። ከ240 ጊጋው ውስጥ ወደ 148 ጊጋ የያዘው አንድ የሎግ ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ የሚገጥመውን ስህተት የሚመዘግብበት ማለት ነው። ልጁ ሰረዘው። ዲስኩ ግን ያው 100 ነው። ግራ ገባን። ሌላ የሚሰረዝ ነገር መፈለግ ጀመረ።

ይሄኔ ነው የደወልኩላት። የመጀመሪያ ቃሏ «ጋሼ፣ እስክደርስ ምንም አትሰርዙ፤ ሰርቨሩንም እንዳታጠፉት» የሚል ነበር። እውነት ለመናገር ያተረፈን ይህ ቃል ነው። ልጃችን ቀጥሎ ሊሰርዘው የነበረው መረጃችን የሚቀመጥበትን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ «ፒጂ ዋል» የተባለ ፎልደር ነበር፤ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚጽፍበት ማለት ነው። ሎግ መስሎታል። እሱን ቢነካው ዳታቤዙ ላይነሳ ይችል ነበር። አልፈርድበትም፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ተሳስቶበታል። ፎልደሩ ድሮ ስሙ ውስጥ «ሎግ» የሚል ነበረበት። ሰዎች እየሰረዙት ስለተቸገሩ ነው በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛው ቨርዥን ስሙ የተቀየረው።

በሰዓቱ ደረሰች። የሆነውን ለእኔም በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ፋይል ሲሰረዝ የሚጠፋው ስሙ ነው። ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል ከፍቶ እንደያዘ በምታሳይ «ኤልኤስኦኤፍ» በምትባል ትዕዛዝ ስታየው እውነትም የተሰረዘውን ፋይል የላብራቶሪው ፕሮግራም እንደያዘው ነው።

ፕሮግራሙን አጥፍታ ብታስነሳው ቦታው ወዲያው ይለቀቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን አስቀድማ በፕሮግራሙ በኩል ገባችና የተሰረዘውን ፋይል የመጨረሻ መስመሮች ወደ ፍላሽ ገለበጠች። «ምክንያቱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ ከጠፋ ነገ ተመልሶ ይመጣል» አለችኝ። ከዚያ ነው ፋይሉን ባዶ ያደረገችው። 4 ሰዓት ሳይሞላ ካርድ ክፍል ሥራ ጀመረ።

ምክንያቱም ተገኘ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤት ሲጸዳ የደም መመርመሪያው ማሽን የኔትወርክ ገመድ ተነቅሏል። ፕሮግራሙ ማሽኑን ሲያጣ ምንም ሳይጠብቅ ደግሞ ይሞክራል፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል። አንዱ የስህተት መልእክት አንድ ኪሎባይት ቢሆን በሰዓት 3.6 ጊጋ ይሞላል። እስከ ሰኞ ጠዋት 41 ሰዓት ነው። አስሉት፤ ልክ ይመጣል። በአንድ ገመድ!

ሲስተሙን የተከሉልን ሰዎች ሎጉ ላይ ምንም ገደብ አላደረጉበትም ነበር። እሷ ሎግሮቴት የተባለው ሎግ የሚቆጣጠር ፕሮግራም በየሰዓቱ እንዲያየው፣ ከ500 ሜጋ ካለፈ ጨምቆ እንዲያስቀምጠውና ከአሮጌዎቹ ሰባት ብቻ እንዲያስቀር አደረገች። በቀን አንዴ ብቻ ቢሆን እንዲህ ላለው ፍጥነት እንደማይደርስ ነገረችን። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስም በቴሌግራም መልእክት ይመጣልናል። ፕሮግራሙ በሙከራዎቹ መካከል እንዲጠብቅ ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ያረቀቀችልንም እሷ ናት።

የጠየቀችን የግማሽ ቀን ዋጋ ብቻ ነው። ሐሙስ ተመልሳ መጥታ ስታይ ምንም አልተቀበለችም። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ልጃችንን አንድም ቀን አላሳፈረችውም። አጠገቧ አስቀምጣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እሱ ራሱ እንዲጽፈው አደረገች። አሁን በአማርኛ የጻፈችለት አንድ ገጽ ሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያው መስመር «ምንም አትሰርዝ፤ መጀመሪያ ማን እንደያዘው እይ» ይላል።

ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ሰርቨራችሁ ችግር ሳይገጥመው አሳዩዋት። አዲስ አበባ ውስጥ በአካል ትመጣለች። ልጄ፣ በእናቶቹም ስም እግዜር ይስጥልን።